ሰባት ቤት ስንቆጥር በሽታውንም እንቁጠር

እንደምን አመሻችሁ። ክቡራን የቤተ እስራኤል ቄሶቻችን፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፤ ወጣቶችም ከስልካችሁ ቀና በሉልኝ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ሐኪም ሥራ ነው። ፕሮፌሰር ኤፍራት ሌቪ-ላሃድ ይባላሉ፤ እዚሁ ኢየሩሳሌም፣ ሻዓሬ ጼዴቅ ሆስፒታል፣ የጄኔቲክስ ተመራማሪ ናቸው። ካንሰርን ያጠናሉ፣ መካንነትን ያጠናሉ፣ የሰውነት መከላከያ ሲዛባ የሚመጣውንም በሽታ ያጠናሉ። ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል።

በካንሰሩ ልጀምር። ብራካ 1 እና ብራካ 2 የሚባሉ ጂኖች፣ ማለትም ከወላጅ የምንወርሳቸው የሰውነት መመሪያዎች፣ አሉ። ወንዱም ሴቱም አለው። ሥራቸው የተበጠሰ ዲ ኤን ኤ (ጂኖች የተጻፉበትን ክር) መጠገን ነው። የተበላሸ ቅጂ የወረሰች ሴት በጡትና በእንቁልጢ (እንቁላል በሚያመነጨው አካል) ካንሰር የመያዝ ዕድሏ በጣም ከፍ ይላል። እኚህ ሐኪም ከአሜሪካዊቷ የጂን ተመራማሪ ሜሪ-ክሌር ኪንግና ከሌሎች ጋር ሆነው ምን አደረጉ መሰላችሁ? ከ8,000 በላይ ጤነኛ አሽከናዚ (ዘራቸው ከአውሮፓ አይሁድ የሆነ) ወንዶችን መረመሩ። ወንዶችን! ከዚያ የተበላሸው ቅጂ ተሸካሚ ሆኖ ከተገኘው ሰው ተነስተው ወደ እናቱ፣ ወደ እህቱ፣ ወደ ሴት ልጁ ሄዱ። በፈረንጆቹ 2014 ውጤቱ ሲወጣ፣ የተበላሸው ጂን ከተገኘባቸው ቤተሰቦች ግማሽ ያህሉ የሚያስጠረጥር የካንሰር ታሪክ አልነበራቸውም። በ2020 ምርመራው፣ ዘመድ ታመመ አልታመመ ሳይባል፣ ለአሽከናዚ ሴቶች ሁሉ በጤና አገልግሎቱ ውስጥ ገባ።

እዚህ ላይ ጆሮ ስጡኝ። ያ ምርመራ የሚፈልገው በአሽከናዚዎች ዘንድ የሚዘወተሩ ጥቂት ለውጦችን ነው። የእኛ፣ ከኢትዮጵያ የመጣነው፣ ሌላ ሊሆን ይችላል። «ነጻ ነሽ» ስትባሉ ጂኑ ሙሉ በሙሉ ተነቦ እንደሆነ ጠይቁ።

ወደ መውለዱ ልምጣ። በ2018 ቡድናቸው የሁለት እህትማማቾችን ጉዳይ አሳተመ። ልጆቹ የወር አበባ አልመጣ አላቸው፤ ሲታዩ እንቁልጢያቸው በወጉ አላደገም። አንዷ በ5 ዓመቷ የደም ካንሰር ይዟት ድናለች። ጂናቸው ሲነበብ ብራካ 2 በእናትም በአባትም በኩል ተበላሽቶ ተገኘ። ሴት ልጅ ገና በማህፀን ሳለች፣ እንቁላሎቿ ሲሠሩ፣ ዲ ኤን ኤያቸው ሆን ተብሎ ይቆረጥና መልሶ ይገጠማል፤ የሚጠግነው ከሌለ እንቁላሉ አይተርፍም። በፍራፍሬ ዝንብም አዩት፤ ጂኑ የሌላት ዝንብ መካን ናት። (ዝንብም ለቁም ነገር ትውላለች።) እኛ ዘንድ ግን «ማህፀኗን ዘጋው» እየተባለች ስንቷ አንገቷን ደፍታ ኖረች!

ሦስተኛው፣ የሰውነት መከላከያ ሲዛባ የሚመጣው፣ የጆርጂያ አይሁድ ነገር ነው። በአንዳንድ ቤተሰብ ልጆች ትኩሳት ይመላለስባቸዋል፣ ቆዳቸው ይዥጎረጎራል፣ አንዳንዱን በልጅነቱ ስትሮክ ይመታዋል። በ2014 የእሳቸው ቡድን፣ በዚያው ሰሞን አሜሪካም ሌላ ቡድን፣ ጥፋቱ ኤዲኤ2 ከሚባል ጂን መሆኑን አሳዩ። ከ10 የጆርጂያ አይሁድ አንዱ ያህል ተሸካሚ ነው፤ በሽታው የሚወጣው ግን ከሁለቱም ወላጅ ለወረሰ ልጅ ነው። ለመገጣጠሚያ ቁርጥማት የሚሰጠው የቲኤንኤፍ (ብግነት የሚያስነሳ የሰውነት ንጥረ ነገር) ማገጃ መርፌም ብዙዎቹን አረጋጋ።

አባቶቻችን ሰባት ቤት ቆጥረው ሲያጋቡ ጂን የሚባል ነገር አያውቁም፤ ግን አንድ ዓይነት ጥፋት ከሁለት ወገን እንዳይገናኝ ይረዳል። ሙሉ ዋስትና አይደለም፤ የእነዚያ እህትማማቾች ወላጆች የያዙት ለየቅል ጥፋት ነበር።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ስሙን ሰባት ቤት ድረስ በቃላችን እንወጣዋለን፤ «አያትሽ በምን ሞቱ?» ስንባል ግን መልሳችን «ታመው» ነው። የበሽታው ስም አይጠራም። የአባት ወገን ደግሞ ጭራሽ አይነሳም፤ ጂኑ ከአባትም እኩል እየመጣ!

ቁፓት ሆሊም (የጤና መድን ክሊኒካችሁ) ስትሄዱ በወረቀት ያዙ፤ ማን ታመመ፣ ምን ታመመ፣ በስንት ዓመቱ። የጄኔቲክስ ምክር ጠይቁ። ልጃችሁን ግን አስተርጓሚ አታድርጉት። አንድ ልጅ ለእናቱ ሲያስተረጉም አይቻለሁ፤ ሐኪሟ ስለ ጡቷ ረጅም ነገር አወራች፣ እሱ መሬት መሬት እያየ «ደህና ነሽ አለች» ብሎ ጨረሰው። ምን ያድርግ? አማርኛ የሚያስተረጉም ሰው፣ በስልክም ቢሆን፣ ጠይቁ።

አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ፤ ከወንዶቹ ብንጀምር ደስ ይለኛል።