ሁለት ፌስታል አፈር

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ድምፄ ዝግ ካለባችሁ የዶርም ልጆች ስለተኙ ነው። ጋቢዬን ተከናንቤ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ቁጭ ብያለሁ። የደብረ ማርቆስን የሌሊት ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል። ግን ይህን ነገር ሳላወራችሁ ብተኛ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ሦስተኛ ዓመት ነኝ። የምማረው የተፈጥሮ ሀብት አያያዝ ነው። ዲፓርትመንት ስንመርጥ አንደኛ የሞላሁት ጤና ነበር፤ አልደረሰኝም። ያኔ ከፍቶኝ ነበር። አሁን ግን አንድ ሰው መጥቶ "ልቀይርልሽ" ቢለኝ እሺ አልለውም። ምክንያቱ አንድ ኮርስ ነው፤ የአፈር ሳይንስ።

የግቢ ኑሮዬ ብዙ የሚወራለት አይደለም። ጠዋት 12 ሰዓት እነሳለሁ፤ ውኃው ጣት ያደነዝዛል። ካፌ ገብቼ ሻይ በዳቦ፣ ከዚያ 2 ሰዓት ላይ ክላስ። ከሰዓት ላብ ወይ ላይብረሪ። ማታ ስፔስ፣ ማለትም ማጥኛ ክፍል፣ እንገባለን። ሚድ ሲቃረብ ቸከላ ነው፤ ሻይ በፔርሙስ ይዘን እስከ እኩለ ሌሊት። ቅዳሜ ልብስ እናጥባለን፣ ፀጉር እንሠራራለን። ሳምንቱ እንዲህ እንዲህ እያለ ያልፋል። ሰኞና ረቡዕ ግን ከእንቅልፌ ስነቃ ጀምሮ ደስ ይለኛል። ሰኞና ረቡዕ አፈር አለ።

መምህራችን የመጀመሪያ ቀን ስላይድ አልከፈተም። "በየቤታችሁ አፈርን ምን ምን ብላችሁ ትጠሩታላችሁ?" ብሎ ጠየቀን። ሁሉም ዝም። ትንሽ ቆይቶ ከኋላ አንዱ "ዋልካ" አለ። ሌላዋ "ቦረቦር" አለች። ከዚያ ማን ያቆመን፤ ቦርዱ ሞላ። እሱም ዋልካ ከሚለው ጎን "ቨርቲሶል" ብሎ ጻፈ። ስሙ መገልበጥ ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው አለን። በጋ ይሰነጠቃል። የላዩ አፈር ስንጥቁ ውስጥ ይወድቃል። ክረምት ውኃ ሲጠጣ ያብጥና የታችኛውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ራሱን በራሱ ይገለብጣል ማለት ነው።

እኔ ልጅ ሆኜ የአጎቴን ከብት ስጠብቅ በዚያ ስንጥቅ ውስጥ ጠጠር እየጣልኩ የት ድረስ እንደሚወርድ አዳምጥ ነበር። ያ ስንጥቅ ሥራ ላይ እንደነበረ ማን ነግሮኝ! ያን ቀን ከክላስ ስወጣ እግሬ መሬት ሲረግጥ እየተሰማኝ ነበር የሄድኩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ቤተሰቦቼ ያሉት ስናን ነው፣ ከጮቄ ተራራ ሥር። ጮቄ ጫፉ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ክረምት ከገባ ዝናቡ ጋብ አይልም። አባቴ ስለ ላይኛው ማሳ ሁሌ የሚላት አንዲት ነገር አለች። "መሬቱ ማዳበሪያውን በላው" ይላል። ማዳበሪያውን በብድር ገዝቶ ይጨምራል፤ ገብሱ ቢጫ ሆኖ ቀጭጮ ይቀራል። በመጨረሻ ገብሱን ተወና እንግዶ፣ የአጃ ዓይነት እህል ነው፣ ዘራበት። የእኛ አገር ሰው ብዙው እንደዚያ አድርጓል፤ ገብስ እምቢ ያለበት መሬት ላይ እንግዶ ይበቅላል። ድንችም እንዲሁ ይችላል። እኔ ይህን እንደ እርጅና ነበር የማየው። ሰው ያረጃል፣ መሬትም ያረጃል፣ በቃ።

አንድ ረቡዕ መምህሩ ስለ አሲዳማ አፈር ማስተማር ጀመረ። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ያህሉ አሲዳማ ነው ተብሎ እንደሚገመት ነገረን። ኃይለኛ ዝናብ ካልሲየሙን፣ ማግኒዚየሙን፣ ፖታሲየሙን አጥቦ ይወስዳል። ምርቱ ሲታጨድ አብሮ ይሄዳል። ፒኤች የሚባለው የአሲድነት መለኪያ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል። ከ5.5 በታች ሲወርድ አፈሩ ውስጥ ያለው አልሙኒየም ይሟሟና ሥሩን ይጎዳል፤ ሥሩ አጥሮ፣ ተድቡልቡሎ ይቀራል። ከማዳበሪያው የሚገኘውን ፎስፈረስ ደግሞ ብረቱና አልሙኒየሙ ጭብጥ አድርገው ይይዙታል። አፈሩ ውስጥ አለ፣ ሰብሉ ግን አያገኘውም።

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። መሬቱ በላው! አባቴ ያለው ልክ ይኸው ነው። ያለ ቢከር፣ ያለ ፎርሙላ፣ እያረሰ ያየውን ነበር ሲነግረን የኖረው።

የዚያኑ ማታ ደወልኩለት።

"አባዬ፣ አፈር ላክልኝ።"

"ምን?"

"አፈር። ከላይኛው ማሳና ከጓሮ። ከአንድ ቦታ ብቻ እንዳይሆን። ማሳውን እየዞርክ ከአሥር ከአሥራ አምስት ቦታ፣ 20 ሳንቲም ያህል እየቆፈርክ ደባልቀው።"

"አፈር ማርቆስ ጠፋ እንዴ፣ እታለም?" ብሎ ሳቀ።

ግን ላከ። በሚኒባስ፣ ከበሶና ከቆሎ ጋር፣ ሁለት ፌስታል። የጓሮው በቀይ ክር ታስሯል፣ የማሳው በነጭ። ክሩ ከእማዬ ጥልፍ የተረፈ ነው፣ አይቼ ለየሁት። የዶርም ልጆች በሶ የመጣ መስሏቸው የቀዩን ሊፈቱት ሲሉ ደረስኩ።

አፈሩን ጥላ ውስጥ ጋዜጣ ላይ አስጥቼ ሦስት ቀን አደረቅሁት። ወቅጬ በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ነፋሁት። ላብ ውስጥ 10 ግራም መዝኜ ቢከር ውስጥ ጨመርኩ፤ 25 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውኃ አፈሰስኩበት። አማስዬ ግማሽ ሰዓት አስቀመጥኩት። የጓሮው ጥቁር ነው፣ ሲርስ የክረምት ሽታ አለው። የማሳው ቀላ ይላል። ቢከሮቹ ጎን ለጎን ሆነው አፈሩ ቀስ እያለ ሲዘቅጥ ሳይ ቤታችን ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ መሰለኝ። መለኪያውን ነከርኩት። ቁጥሩ ወዲያው አይቆምም፤ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ከዚያ ይረጋል።

ጓሮ፣ 6.7። ማሳ፣ 4.9።

ልዩነቱ ትንሽ እንዳይመስላችሁ። የፒኤች አንድ ቁጥር ማለት አሥር እጥፍ ነው። የማሳው አሲድ ከጓሮው ከ60 እጥፍ በላይ ይበልጣል። በሁለቱ መካከል ያለው የእግር መንገድ ሩብ ሰዓት አይሞላም። አንድ ዝናብ ነው የሚዘንብባቸው።

እማዬን ደወልኩላት። "አመድ የት ነው የምትደፊው?"

"የት እደፋለሁ? ጎመኑ ሥር ነዋ። አያትሽም እዚያው ነበር የሚደፉት።"

አመድ ውስጥ ካልሲየምና ፖታሲየም አለ፤ አሲዱን ይሰብረዋል። ይህን በክላስ ተምረናል። እኔን ዝም ያሰኘኝ ግን ሌላ ነው። ያ አመድ ከየት መጣ? ከብቶቹ የማሳውን ገለባ ይበላሉ። እበታቸው ኩበት ይሆናል። ኩበቱ ምድጃ ውስጥ ይነዳል። አመዱ ጎመን ሥር ይደፋል። ማሳው ቀስ በቀስ፣ በአያቴና በእናቴ ቁና፣ ወደ ጓሮ ሲጋዝ ኖሯል። ጎመኑ ያማረው፣ ገብሱ የቀጨጨው በአንድ ምክንያት ነው። ይህን መጽሐፍ ላይ አላነበብኩትም፤ በሁለቱ ቢከሮች መካከል ቆሜ ነው የመጣልኝ። ለመምህሩ ስነግረው ወንበር ስቦ ተቀመጠና "እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ" አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ የተደመጥኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

አባዬ ሲሰማ የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ነው። "ታዲያ አመዱን ወደ ላይ ልመልሰው?"

እውነቱን ነገርኩት። የአንድ ቤት አመድ ለአንድ ማሳ የትም አይደርስም። ኖራ ነው የሚያስፈልገው፤ ለአንድ ሄክታር እንደ አፈሩ 20፣ 30፣ አንዳንዴም 40 ኩንታል። ድንጋዩ በጎጃም ሞልቷል። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ገደሉ ላይ የሚታየው ነጣ ያለ ድንጋይ የኖራ ድንጋይ ነው። ፈጭቶ ማሳ ድረስ ማጓጓዙ ነው ከባዱ። ከአዊ የመጣ የክላሳችን ልጅ ደግሞ እነሱ ጋ፣ ፋግታ ለኮማ፣ ሰዉ በደከመው መሬት ዲከረንስ የሚባል የግራር ዛፍ ተክሎ ለከሰል ይሸጥና መልሶ ጤፍ እንደሚዘራበት ነገረን። አባዬ ይህን ሲሰማ ዝም አለ። እሱ ዝም ሲል እያሰበ ነው።

ባለፈው እሑድ ደወለ። ከላይኛው ማሳ ጥግ በእርምጃ ለክቶ አንድ ቁራጭ ከልሏል። እማዬ የሁለት ወር አመድ በጆንያ አጠራቅማለች፤ እዚያች ላይ በትነው በዶማ ደባልቀውታል። ከሰኔው ዝናብ በኋላ ገብስ ይሞክሩባታል። "ቁጥሩን አሁንም፣ ኋላም ንገሪኝ" ብሎኛል።

ሦስተኛው ፌስታል ትናንት ደረሰ። ክሩ አረንጓዴ ነው። አሁን ጋዜጣ ላይ ተሰጥቶ አልጋዬ ሥር እየደረቀ ነው። የታችኛዋ አልጋ ልጅ እንዳትረግጠው በጫማዬ ዙሪያውን ከልዬዋለሁ። ረቡዕ 8 ሰዓት ላብ አለን።