የተላከ ማስታወቂያ ሁሉ ደርሷል ማለት አይደለም

(በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በዓመቱ የመጀመሪያ የወላጆችና የመምህራን ስብሰባ ላይ በርዕሰ መምህሩ የቀረበ ንግግር)

ክቡራን ወላጆችና አሳዳጊዎች፣ ውድ የሥራ ባልደረቦቼ፣

ሥራ አቋርጣችሁ፣ ሕፃን አዝላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ከአዳር ሥራ በቀጥታ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ስለ ፈተናም ስለ ሕንፃም አላወራም። የማወራው እዚህ ግቢ ውስጥ የሚሆነው ነገር እናንተ ጋ እንዴት እንደሚደርስ ነው።

ማስታወቂያ ጽፈን ስንልክ ሥራችን ያለቀ ይመስለናል። ወረቀቱ ተባዝቷል፤ ለልጆቹ ታድሏል፤ ቴሌግራም ላይም ተለጥፏል። ዘንድሮ ከመምህራኑ ጋር የተስማማንበት መለኪያ ግን ሌላ ነው። መልእክት ደረሰ የምንለው የልጁ አሳዳጊ ምን ማድረግ እንዳለበት ሲያውቅ፣ ለማድረግም ጊዜ ሲኖረው ነው። ማታ 3 ሰዓት ላይ «ነገ ልጆቹ ባለ ቀለም ወረቀትና ማጣበቂያ ይዘው ይምጡ» ብንል ልከናል፤ አላደረስንም። በዚያ ሰዓት ወላጅ ከየት ይገዛል? ጠዋት ባዶ እጁን መጥቶ ጓደኞቹ ሲሠሩ ቁጭ ብሎ የሚያየው ደግሞ ልጁ ነው። ስለዚህ ከቤት የሚመጣ ነገር ካለ ቢያንስ ከሦስት ቀን በፊት ትሰማላችሁ። መምህር ከረሳ፣ ሥራው ይተላለፋል እንጂ ልጅ አይጎዳም።

ትልቁ ችግር መልእክተኛው ነው። ለትልቅ ሰው የተጻፈ ጉዳይ ለስድስት ዓመት ልጅ እንሰጣለን። ወረቀቱ ቦርሳው ግርጌ፣ ከእርሳስ ቅራፊ ጋር ተጨማዶ ይከርማል። ልጁ ምንም አላጠፋም፤ ዕድሜው ነው። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ላሉት ማንኛውም ማስታወቂያ ኮሙኒኬሽን ቡካቸው ውስጥ ተለጥፎ ይሄዳል። በማግስቱ የክፍል ኃላፊው ፊርማችሁን ያያል። ፊርማ ከሌለ ልጁ ላይ ማንም አይቆጣም፤ የምንደውለው ለእናንተ ነው። ስለ ልጁ ጠባይ የተጻፈ ነገር ደግሞ በጭራሽ በልጁ እጅ አይላክም። ራሱን የሚከስ ወረቀት ተሸክሞ ቤት ድረስ የሚሄድ ልጅ መንገዱን ሁሉ ምን እንደሚያስብ አስቡት።

አሁን ወደ አጻጻፋችን ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ነገር የሚበላሸው እዚህ ነውና። እንዲህ የሚል ማስታወቂያ ሁላችንም እናውቃለን፦ «በሚካሄደው የመምህራን ስብሰባ ምክንያት የመማር ማስተማሩ ሂደት በግማሽ ቀን የሚጠናቀቅ መሆኑን እየገለጽን አስፈላጊውን ትብብር እንድታደርጉ በአክብሮት እናሳስባለን።» ቋንቋው ያማረ ነው። ግን ቀኑ መቼ ነው? ልጁን በስንት ሰዓት ልውሰድ? አስፈላጊው ትብብር ምንድን ነው? ሥራ ቦታ ሆኖ ይህን የሚያነብ አባት መልሶ መደወል አለበት። ስልካችን ከተያዘ ደግሞ ግምት ውስጥ ይገባል።

ያንኑ ነገር እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «ሐሙስ ትምህርት እስከ 6 ሰዓት ብቻ ነው። ልጅዎን በ6 ሰዓት ከዋናው በር ይውሰዱ።» አለቀ። ቀኑ አለ፣ ሰዓቱ አለ፣ ቦታው አለ። አጭር መሆኑ ሌላም ጥቅም አለው። በስልክ የሚላክ አጭር የጽሑፍ መልእክት በላቲን ፊደል 160 ሆሄ ይይዛል፤ በእኛ ፊደል ሲሆን ግን የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ከዚያ ከበለጠ ተቆራርጦ ይላካል፤ ወጪውም ይጨምራል። አሁን ያነበብኩላችሁ መልእክት ክፍት ቦታውና ነጥቡ ሁሉ ተቆጥሮ ከ70 በታች ነው። የመጀመሪያው ግን በአንድ መልእክት አይበቃም። መምህራኖቼን የምለምናችሁ፣ ከመላካችሁ በፊት ጽሑፉን አንዴ በዚያች እናት ዓይን አንብቡት። አንድ እጇ ታክሲ ላይ፣ ሌላው እጇ ስልክ ላይ ነው።

አንዳንድ ቀፎ ደግሞ ፊደላችንን አያነብም፤ ባዶ ሳጥን ብቻ ይደረድራል። ስማርት ስልክ ኖሮት ዳታ የሌለውም አለ። ማንበብ የማይችል ወይም ሌላ ቋንቋ የሚቀናው አሳዳጊም አለ። በነገራችን ላይ፣ ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ልጁን ለማስተማር እዚህ ድረስ መጥቶ የተቀመጠ ሰው ክብር ይገባዋል። እንደዚህ ላሉት በድምፅ እንልካለን፣ ካልሆነም እንደውላለን። ልጁን ግን አስተርጓሚ አናደርገውም። ስለራሱ ውጤት ለእናቱ እንዲተረጉም የተጠየቀ ልጅ ጫና ውስጥ ይገባል፤ ደስ የማይለውን ቢዘለው አይፈረድበትም።

የቴሌግራም ግሩፕን በተመለከተ፣ ቅር የምትሰኙ እንደምትኖሩ አውቃለሁ፤ ሆኖም በግልጽ ልናገር። ግሩፑ ውስጥ ጠዋት አንድ አስፈላጊ ማስታወቂያ ይለጠፋል። ከዚያ ሃምሳ «እሺ»፣ ሠላሳ «እናመሰግናለን»፣ ብዙ የአበባ ስዕል ይከተላል። ማታ ከሥራ የሚገባ ወላጅ ወደ ላይ እየጎተተ ይፈልጋል፤ ይደክመዋል፤ ይተወዋል። የሚተወው ደግሞ ብዙ ጊዜ ማስታወቂያው በጣም የሚያስፈልገው ሰው ነው። ስለዚህ ለየክፍሉ ትምህርት ቤቱ ብቻ የሚለጥፍበት ቻናል ተከፍቷል። ጥያቄ ካላችሁ ለክፍል ኃላፊው ለብቻው ጻፉለት። መምህሩ ማታ ከቤተሰቡ ጋር ነው፤ መልስ በማግስቱ በሥራ ሰዓት ይሰጣችኋል። አስቸኳይ ጉዳይ ሲሆን ወደ ቢሮ ይደወላል።

ሌላው የሚከነክነኝ ነገር ከእኛ የሚመጣው ዜና ዓይነት ነው። ከትምህርት ቤት ሚስኮል ሲያይ የማይደነግጥ ወላጅ የለም። ለምን? የምንደውለው ልጁ ሲታመም፣ ሲጣላ ወይም ሲያጠፋ ስለሆነ ነው። «ወላጅ አምጣ» የሚባለው ለክፉ ነገር ብቻ ነው። ይህ መለወጥ አለበት። መምህሩ ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ምንም ችግር ሳይኖር፣ ስለ ልጃችሁ ያየውን አንድ ነገር ይነግራችኋል። ያኔ ኋላ ከባድ ነገር ቢመጣ የሚነጋገሩት የሚተዋወቁ ሰዎች ይሆናሉ።

ልጁን ስትወስዱት «ዛሬ ምን ተማርክ?» ትሉታላችሁ። «ምንም» ይላል። ዋሽቶ አይደለም፤ ጥያቄው በጣም ሰፊ ስለሆነ ነው። ሁልጊዜ ሰኞ ቻናሉ ላይ በሳምንቱ የሚማሩትን በሁለት መስመር እንጽፋለን። ለምሳሌ 2ኛ ክፍል በመበደር መቀነስ ላይ ከሆነ፣ እናንተ «እስቲ ከ52 ላይ 27ን ቀንስልኝ፤ 2 ላይ 7 እንዴት ይቀነሳል?» ትሉታላችሁ። ያኔ ወሬው አያልቅም። ከአምስቱ አሥሮች አንዱን እንዴት እንደተበደረ ያስረዳችኋል። እናንተ ሒሳብ ማወቅ የለባችሁም፤ መስማት ብቻ ይበቃል።

ዝርዝር መረጃ ለውጥ እንደሚያመጣ በጥናትም ታይቷል። ማቲው ክራፍትና ቶድ ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ መምህራን ለወላጆች በሳምንት አንድ ጊዜ ስለ ልጃቸው አንዲት ዓረፍተ ነገር ላኩ። ትምህርቱን ሳያልፉ የቀሩት ተማሪዎች መልእክት ካልተላከላቸው 15.8 በመቶ ሲሆኑ፣ ከተላከላቸው ግን 9.3 በመቶ ሆኑ። ተማሪዎቹ ከእኛ ልጆች ተለቅ ያሉ ነበሩ። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ይበልጥ የሠራው ልጁ ምን ቢያሻሽል ጥሩ እንደሆነ የሚናገረው መልእክት ነበር። «ጎበዝ ነው» ብቻ ሲባል ወላጅ ደስ ይለዋል፣ ግን የሚይዘው ነገር የለም።

መቅረትም እንዲሁ ነው። ወላጅ ልጁ የቀረበትን ቀን አሳንሶ ይገምታል። አንድ ቀን ለጉንፋን፣ አንድ ቀን ለለቅሶ፣ አንድ ቀን እንዲሁ፤ እያንዳንዱ ለብቻው ትንሽ ስለሆነ ድምሩ አይታይም። ሮጀርስና አቪ ፌለር በአሜሪካ ፊላደልፊያ ከ28,000 በላይ ቤተሰቦችን ባካተተው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው ጥናታቸው፣ ልጁ በጠቅላላው ስንት ቀን እንደቀረ የሚነግር ደብዳቤ ለቤተሰቦች ላኩ። በዚህ ብቻ አብዝተው የሚቀሩ ተማሪዎች ቁጥር በ10 በመቶና ከዚያ በላይ ቀነሰ። እኛም በየወሩ መጨረሻ ድምሩን እንነግራችኋለን። ለወቀሳ አይደለም። ምክንያት ካለ ንገሩን፤ አብረን መላ እንፈልጋለን።

ማሳወቅ እንዳለ ሁሉ አለማሳወቅም አለ። የአንድ ልጅ ውጤት፣ ሕመም፣ ጠባይ ወይም ያልተከፈለ ክፍያ ብዙ ሰው በሚያየው ቦታ አይለጠፍም። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 16 ሕፃንም የግል ሕይወቱ እንዲጠበቅለት መብት ሰጥቶታል። ፎቶም ያለ እናንተ ፈቃድ አይወጣም። እናንተም በበዓል ቀን የሌላ ሰው ልጅ ያለበትን ፎቶ ከመለጠፋችሁ በፊት ጠይቁ።

ቤተሰብ ስንል አያትም፣ አክስትም፣ ታላቅ እህትም ማለታችን ነው። እናትና አባት ለየብቻ የሚኖሩ ከሆነ ሁለቱም እኩል ይሰማሉ፤ አንዱ ለሌላው እንዲናገር አንተውም። ፍርድ ቤት የወሰነው ነገር ካለ ግን ቢሮ መጥታችሁ አሳውቁን።

ከእናንተ የምንጠይቀው ጥቂት ነው። ስልክ ቁጥር ስትቀይሩ በዚያው ቀን ንገሩን። ልጁ ድንገት ታሞ የተመዘገበው ቁጥር «አይሠራም» ሲለን የሚሰማንን ልነግራችሁ አልችልም። ልጁ ቤት ውስጥ ሐዘን ወይም ድንጋጤ ገጥሞት ከሆነም አንድ ቃል በሉን። ዝርዝሩን አንጠይቅም፤ ያን ቀን መምህሩ ልጁን በትዕግሥት እንዲይዘው ብቻ ነው።

የክፍል ኃላፊዎቹ ቅጽ ይዘው በሩ ጋ ቆመዋል። ሁለት ስልክ ቁጥር፣ የሚመቻችሁ ቋንቋ፣ በጽሑፍ ወይስ በድምፅ፣ ልጁን የሚወስደው ማን እንደሆነ ይጠይቃል። እባካችሁ ሳትሞሉ አትውጡ። መጻፍ የሚከብደው ካለ መምህራኑ አብረውት ይሞላሉ። አሁን ወደ ጥያቄ እንሂድ። ከኋላ የተቀመጣችሁ ጀምሩልን።