ካርዱ ነው የጨፈረው
(በደሴ፣ የወጣቶች የውዝዋዜ ውድድር መዝጊያ ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ ሼሆቻችን፣ ቀሳውስቶቻችን፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ እናንተም ላባችሁ ገና ያልደረቀ ልጆች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የተጠራሁት ስለ ወሎ ባህል ሁለት ቃል ተናግሬ ሽልማት እንድሰጥ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ብዬ ቅኝት ብቆጥር ታጨበጭቡልኛላችሁ፤ እሱን ግን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እኔ ጥፋቴን ልናገር ነው የመጣሁት።

የዛሬ ጥቂት ዓመት የሰፈራችን ልጅ በቴሌቪዥን የውዝዋዜ ውድድር ቀረበ። ስሙንም ጣቢያውንም አልጠራም። ታስታውሳላችሁ፣ ያን ሰሞን ደሴ ሌላ ወሬ አልነበራትም። ባለቤቴ ዘይት ግዛበት ያለችኝን ብር የስልክ ካርድ ገዛሁበት። ለእሱ ሠላሳ ጊዜ ድምፅ በመልእክት ላክሁ። ሲያልቅ የልጄን ስልክ ቀማሁ። ልጁ ግን እግሩ ከከበሮው እየቀደመ ነበር! ዕድሜዬን ሙሉ ውዝዋዜ ያሠለጠንኩ ሰው ይህ እንዴት ይጠፋኛል? ከእሱ በኋላ አንዲት የሩቅ አገር ልጅ ወጣች። ትከሻዋን ስትሰብቅ ጀበናው ገንፍሎ ፍሙን ሲያጠፋው ማንም አልተነሳም። ጎረቤታችን፣ «ወላሂ፣ እንዲህ ያለ አላየሁም» አሉ፤ ይህን እያሉ ጣታቸው ለእኛ ልጅ ይልካል። ልጅቷ ተሰናበተች። እኛ እልል አልን።

ይህ የእኛ ብቻ አመል እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2008 በእንግሊዝ፣ በቢቢሲ የዳንስ ውድድር ጆን ሰርጀንት የሚባል የፖለቲካ ጋዜጠኛ፣ ዳኞች ዝቅተኛ ነጥብ እየሰጡት፣ ሕዝብ በየሳምንቱ እያሳለፈው፣ በመጨረሻ ላሸንፍ እችላለሁ ብሎ ፈርቶ ራሱ ወጣ። እዚያ የዳኞች ነጥብ ወደ ደረጃ ይቀየራል፤ ከ40 36 ያገኘና ተከታዩ 20 ያገኘ ልዩነታቸው አንድ ደረጃ ብቻ ይሆናል። የዳኞቹና የሕዝቡ ደረጃ ተደምሮ እኩል ከመጡ ደግሞ የሕዝቡ ድምፅ ይበልጣል። አሜሪካም በተመሳሳይ የዳንስ ውድድር እ.ኤ.አ. በ2018 ቦቢ ቦንስ የሚባል የሬዲዮ ሰው ከዳኞች ዝቅተኛ ነጥብ ይዞ ዋንጫ ወሰደ። በዓመቱ ደንቡን ቀየሩት፤ ከታች ከቀሩት ሁለት ጥንዶች የሚሰናበተውን ዳኞች እንዲለዩ አደረጉ።

ሰው ለወገኑ ያደላል፤ ወሎዬም ያው ሰው ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ደንቡ ነው። አንድ ሰው ሃምሳ ጊዜ ከላከ ካርድ ተሸጠ እንጂ ማን ተመረጠ? ኔትወርክ ፍለጋ ተራራ የሚወጣ የገጠር ዘመድ ያላት ልጅ፣ በቃ፣ ትከሻዋ ይቅር? አንድ ስልክ፣ አንድ ድምፅ! ዳኛውም ነጥቡን ከነምክንያቱ በአደባባይ ይናገር!

ስለ አልባሳትና ስለ ማጀቢያ ሙዚቃም የምለው ነበረኝ፤ ሰዓቱ ሄደ። አልባሳቱ ያምራል።

የዛሬው ነጥብ በር ላይ ተለጥፏል፤ እያንዳንዱ ዳኛ የሰጠው ለየብቻው ይታያል። ከተወዳዳሪዎቹ አንዷ የእህቴ ልጅ ናት፤ ከዳኞች ወንበር የተነሳሁትም ለዚህ ነው። እህቴ እስካሁን አኩርፋኛለች፣ ያቻትላችሁ ሦስተኛው ረድፍ ላይ። በሉ ፖስታውን አቀብሉኝ፣ መብራት ሳይሄድብን።