ትራንስፎርመር ከመጠየቅ በፊት ይለካ

የተከበራችሁ የጅማና የአካባቢው ፋብሪካ ባለቤቶች፣ መሐንዲሶችና የግንባታ ፈቃድ ባለሙያዎች፤ እንደምን አደራችሁ።

የግልገል ጊቤ ውሃ በመጀመሪያው ጣቢያ፣ 184 ሜጋዋት ማመንጨት በሚችለው፣ ተርባይን ካሽከረከረ በኋላ በ26 ኪሎ ሜትር ዋሻ ተጉዞ በሁለተኛው ጣቢያ ዳግም ያመነጫል። እንዲህ ሁለቴ የተለፋበት ኃይል ቆጣሪያችንን አልፎ በከንቱ ሲጠፋ ማየት ያሳዝናል።

የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የኢነርጂ ብቃትንና ቁጠባን በሕግ አስቀምጧል። በአፈጻጸሙ ላይ የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው፦ ተጨማሪ ኃይል የሚጠይቅ ሁሉ፣ አሁን ያለው ኃይል የት እንደሚሄድ የሚያሳይ ልኬት አብሮ ያቅርብ።

ከሕንፃ ልጀምር፤ ነገሩ አጭር ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት። እዚህ ቢሮ ኤር ኮንዲሽነር የሚያስፈልገው አብዛኛውን ጊዜ ፊቱ በመስታወት ተሸፍኖ ወደ ምዕራብ ስለዞረ ነው። ረጅሙ ጎን ወደ ሰሜንና ደቡብ ይዙር፤ ከቆርቆሮው በታች ኮርኒስና አየር መውጫ ይኑር። ይህ ፕላን ሲጸድቅ መታየት አለበት፤ ሕንፃው ካለቀ በኋላ ማዞር አይቻልም።

ወደ ፋብሪካ ስንመጣ፣ 100 ኪሎዋት የሚጠቀም የቡና ማበጠሪያ ፓወር ፋክተሩ፣ ማለትም ከሚወስደው ጠቅላላ ኃይል ውስጥ በእርግጥ ሥራ የሚሠራው ድርሻ፣ 0.7 ከሆነ ከትራንስፎርመሩ 143 ኪሎቮልት አምፔር (የጠቅላላው ኃይል መለኪያ) ይወስዳል። ሞተሮች ለመግነጢሳቸው የሚፈልጉትን ሥራ የማይሠራ ኃይል እዚያው የሚያቀርብ ካፓሲተር፣ በዚሁ ኃይል መለኪያ 70 ኪሎቫር ገደማ፣ ሲገጠምለት ፓወር ፋክተሩ 0.95 ይደርሳል፤ የሚወስደውም ወደ 105 ኪሎቮልት አምፔር ይወርዳል። በዋናው ኬብል በሙቀት የሚጠፋው ኃይልም በግማሽ ገደማ ይቀንሳል።

ካፓሲተር ገጥሞ መርሳት ግን ሌላ ጣጣ ያመጣል። ሞተሮቹ ቆመው እሱ ከመስመር ካልወጣ ቮልቴጁን ከፍ ያደርጋል፤ ስለዚህ እንደ ጭነቱ የሚያስገባና የሚያስወጣ መቆጣጠሪያ ያስፈልገዋል። የሞተር ፍጥነት መቀየሪያ ባለበት ደግሞ ሃርሞኒክስ (የተዛባ የኤሌክትሪክ ሞገድ) ካፓሲተሩን ያሞቀዋል፣ ያሳብጠዋል፤ ይህን የሚገታ ጥቅል ሽቦ፣ ሪአክተር፣ አብሮት ይገጠም። ፊውዙ ተቃጥሎ ማንም ሳያየው ወራት እንዳያልፉም በየወሩ የሦስቱ ፌዝ ከረንት ኬብሉን አቅፎ በሚለካ መሣሪያ፣ በክላምፕ ሜትር፣ ይታይ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የታመቀ አየር ነው። በ7 ባር ግፊት 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት አንዲት ቀዳዳ ወደ 3 ኪሎዋት ትበላለች። ማሽኑ ሲንጫጫ ፉጨቷ አይሰማም። ሥራ በሌለበት ቀን አየር የሚጠቀመውን ሁሉ አቁሙና አየር ማመቂያውን፣ ኮምፕረሰሩን፣ ብቻ አስነሡ። በየዙሩ 2 ደቂቃ አየር እያመቀ 8 ደቂቃ ካረፈ፣ ከአቅሙ 20 በመቶው ለቀዳዳ ይሠራል ማለት ነው። ከዚያ በየመገጣጠሚያው የሳሙና አረፋ ቀቡ፤ አረፋው በተነፋበት ቦታ ማሸጊያውን ቀይሩ። ግፊቱን ከፍ በማድረግ ለማካካስ አትሞክሩ፤ ግፊት ሲጨምር የሚያፈሰውም ይጨምራል።

በመጪው እሑድ ይህን ሙከራ ሠርታችሁ ሁለቱን ደቂቃዎች ጽፋችሁ አምጡ፤ ስሌቱን አብረን እናያለን። አመሰግናለሁ።