ሰባራ ድልድይን ከማየታችን በፊት

እንደምን ዋላችሁ ልጆች?

የሲቪል ኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ስለሆናችሁ ስለ ሲሚንቶ የምደሰኩር ሳይመስላችሁ አልቀረም። ዛሬ ግን ሲሚንቶ የለም፤ ያለው ኖራ ነው።

ቅዳሜ የምናየው ድልድይ ዓባይ ላይ ነው፤ በሞጣ በኩል ጎጃምን ከጎንደር የሚያገናኘው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ፋሲለደስ አሠሩት ይባላል። ኖራው በእንቁላል ተቦክቷል የሚሉም አሉ፤ እንቁላሉን የቆጠረ ግን የለም። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ቅስት ሲሠራ ከሥሩ በእንጨት ካሳፎርማ ይደገፋል። የመሃሉ ድንጋይ ከገባ በኋላ እንጨቱ ይነሳል። ከዚያ ወዲያ ድንጋዮቹ እርስ በርስ ተጋፍተው ይቆማሉ። ብረት የለ፣ ምን የለ! ካሳፎርማው ሳይነሳ ክረምት ከገባ ደግሞ ዓባይ ጠራርጎት ይሄዳል።

አገሬው ግን በንጉሡ ስም አይጠራውም። ሰባራ ድልድይ ነው የሚለው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ጠላት እንዳይሻገር አርበኞች አንዱን ቅስት እንደሰበሩት ይነገራል። ጣሊያን ወጣ፤ ክፍተቱ ቀረ። ከ60 ዓመት በላይ!

እስኪ አስቡት። ወንዶች በሁለቱ ጠርዞች ላይ ይቆማሉ። ገመድ ይዘረጋል። ተሻጋሪው ገመዱ ላይ ይንጠለጠላል። ከወዲህ ያሉት ቀስ እያሉ ይለቃሉ፣ ከወዲያ ያሉት ይስባሉ። ከታች ዓባይ ያጓራል። የአንዱ እጅ ቢያልበው አለቀ። ስለ ድልድዩ ሲወራ ስለ ንጉሡ ብዙ እንሰማለን፤ ስለ እነዚህ ገመድ ያዦች ግን ምንም።

ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ ይህን በ2001 እ.ኤ.አ. ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ በፎቶ አየ። በዓመቱ መጥቶ፣ ከአገሬው ጋር ሆኖ፣ ዕቃውን በአህያ አስጭኖ ክፍተቱን በብረት ሞላው። ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የሚባለው ድርጅት የተወለደው ከዚህ ነው። ደስ ይላል። ግን እኛ መሐንዲሶቹ እዚሁ እያለን ፎቶው አሜሪካ ድረስ መሄዱ ይቆጠቁጠኛል።

ዓባይም ዝም አላለም። በ2005 እ.ኤ.አ. ጎርፍ ጥገናውን ወሰደው። በ2009 እ.ኤ.አ. የእግረኛ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ፤ ውኃው ውስጥ ምሰሶ የለውም። ለምን እንደሆነ እዚያው ስትደርሱ ትነግሩኛላችሁ።

ቅዳሜ ከንጋቱ 11 ሰዓት እንነሳለን። ቁልቁለት አለ፤ ነጠላ ጫማ የለም! ጠርዙ ጋ ስትደርሱ የክፍተቱን ስፋት በዓይን ገምታችሁ ጻፉልኝ። ሜትር አትያዙ።