ቤዙን አዚሙልኝ

ውድ አድማጮቼ፣ እንደምን ከረማችሁ። ይህን ክፍል የምቀዳው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ካለችው የማስተማሪያ ክፍሌ ነው፤ ተማሪዎቼ ገና አሁን ወጡ። ዛሬ የማነሣው ለፈተና የማዘጋጃቸው ልጆች የሚቸገሩበትን ጉዳይ ነው፤ ይኸውም አንድ ቁራጭ ሙዚቃ ሰምቶ በየትኛው የአውሮፓ ሙዚቃ ዘመን እንደ ተደረሰ በጆሮ ብቻ መለየት ነው።

እኔም ተማሪ ሳለሁ ይህን ጥያቄ ስቻለሁ። ከድምፅ ማጉያው የሚወጣው የፒያኖ ድምፅ ነበር፤ የባሮክ ዘመን መሣሪያ ሃርፕሲኮርድ፣ ማለትም ከፒያኖ በፊት የነበረው የኪቦርድ መሣሪያ፣ ነው ብዬ በቃሌ ይዤ ስለ ነበር፣ ሳላመነታ ከባሮክ ቀጥሎ የመጣውን ዘመን «ክላሲካል» ብዬ ጻፍሁ። የተሰማው ግን በፒያኖ የተጫወቱት የባሮኩ ደራሲ የባኽ ሥራ ነበር። የዘመኖቹን ስምና ዓመታቸውን አጥንቼ ነበር፤ መስማትን ግን ማንም አላስተማረኝም፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የዛሬዎቹ ልጆችም የሚሳሳቱት እዚያው ላይ ነው። ቅጂው የሚንጫጫ አሮጌ ሸክላ ከሆነ ሙዚቃውም የጥንት ይመስላቸዋል። ይሁን እንጂ እነዚሁ የወሎ ልጆች አምባሰልን ከትዝታ ለመለየት አንድ ሐረግ ይበቃቸዋል። ባለፈው ሳምንት በኪቦርዱ ላይ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ እና ሬ ፍላትን ብቻ ይዤ ዜማውን ፋ ላይ ባሳርፈው «ትዝታ ማይነር» አሉኝ፤ ከአምስቱ ድምፆች አንዱንም ሳልለውጥ ዶ ላይ ባሳርፈው ደግሞ ሁሉም በአንድ አፍ «አምባሰል!» አሉ። የኪቦርዱን ድምፅ ከዋሽንት ወደ አኮርዲዮን ብቀይረውም ፍርዳቸው አልተናወጠም። ጆሯቸው የሚከተለው ዜማው የሚያርፍበትን ቦታ ስለሆነ መሣሪያው አያታልላቸውም።

ከዚያ ቀን ወዲህ የአውሮፓን ሙዚቃ ሳሰማቸው የዘመኑን ስም ቶሎ እንዳይጠሩ ከልክያለሁ፤ አስቀድመው ቤዙን፣ ማለትም ከሥር የሚሄደውን ዝቅተኛ ድምፅ፣ ያዜሙልኛል። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1600 ገደማ አንሥቶ ባኽ እስከ ሞተበት እስከ 1750 ባለው የባሮክ ዘመን፣ ቤዙ ብዙ ጊዜ ራሱን የቻለ ዜማ ነው፤ ሳያርፍ ይራመዳል፣ ከላይኛውም ድምፅ ጋር ይነጋገራል፤ ስለዚህ ለማዜም ይመቻል። በሃይደንና በሞዛርት ዘመን፣ በክላሲካሉ፣ ግን የፒያኖው ግራ እጅ አጃቢ ይሆናል፤ ኮርዱን፣ ማለትም አብረው የሚሰሙትን ድምፆች፣ በአንድ ጊዜ በመምታት ፈንታ ዝቅተኛውን፣ ከፍተኛውን፣ መካከለኛውን፣ እንደገና ከፍተኛውን እያለ ይበትነዋል፤ አልበርቲ ቤዝ የሚባለው ይህ ነው። ልጆቹ ሊያዜሙት ሞክረው አፋቸው ሲተሳሰር ይተዉታል፤ መተዋቸው ራሱ ምልክት ነው። በላዩ ያለው ዜማም በአጫጭር ሐረጎች እየጠየቀና እየመለሰ፣ በመካከሉ ትንፋሽ እየወሰደ ይሄዳል። ከዚያ በቀጠለው በሮማንቲኩ ዘመን ግራ እጅ በሰፊው ይዘረጋል፣ በእግር የሚረገጠው ፔዳል ድምፆቹን ያዋህዳቸዋል፣ ፍጥነቱም እንደ ተጫዋቹ ስሜት ይለጠጣል፤ ማሲንቆ ሰምቶ ላደገ ልጅ ይህን ለማስረዳት ብዙ አልደከምሁም።

ትናንት ከኮምቦልቻ እየተመላለሰች ለምትማር አንዲት ልጅ አንድ የባኽ ቁራጭ ሆን ብዬ በአኮርዲዮን ድምፅ ተጫወትሁላት። ዓይኗን ጨፍና፣ በጣቷ ጠረጴዛውን እየመታች በቀስታ አብራ አዜመች፤ ከዚያም «ጋሼ፣ ይሄ ቤዝ እኮ አንድም ቦታ አልቆመም» አለችኝ፤ ሳልጠይቃትም ደብተሯ ላይ «ባሮክ» ብላ ጻፈች።

አሁን የሚያሳስበኝ ቤትሆቨን ነው። ክላሲካሉ ወደ ሮማንቲኩ በተሸጋገረበት ጊዜ፣ ከ1770 እስከ 1827፣ የኖረ ሰው በመሆኑ፣ ሥራውን ሳሰማቸው እኩሌቶቹ ክላሲካል፣ እኩሌቶቹ ሮማንቲክ ይላሉ፤ የሁለቱም ወገን ምክንያት ያሳምነኛል። ቅዳሜ የወጣትነቱንና የመጨረሻ ዘመኑን የፒያኖ ሥራዎች ጎን ለጎን አሰማቸዋለሁ፤ በግራ እጁ ላይ ምን እንደ ተለወጠ እነሱ ይነግሩኛል።