በተኑን ያሸነፈው መስታወቱ አይደለም

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ ከሥራ ወጥታችሁ በቀጥታ እዚህ የመጣችሁ ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ ሲያዩት ቀላል ነው። ታች ስልክ ይሻላል ወይስ ባለ በተን? «ይሄማ ድሮ ያለቀ ጉዳይ ነው» የምትሉ እንዳላችሁ ይገባኛል። ከኋላ የተቀመጣችሁት ደግሞ ከወዲሁ ስልካችሁን እየነካካችሁ ነው፤ መልሱን በጣታችሁ ሰጥታችሁኛል።

እኔ ግን አልቋል አልልም። በተለይ በፊደል ለምንጽፈው ለእኛ። በተኑን ያሸነፈው የታች ስልኩ መስታወት ብቻውን አይደለም። ከመስታወቱ ጀርባ የተቀመጠ ገማች አለ፤ ምን ልትጽፉ እንደፈለጋችሁ የሚገምት ሶፍትዌር ነው፤ ሥራውን የሠራው እሱ ነው። ይህ ገማች እንግሊዝኛ አቀላጥፎ ያውቃል። አማርኛ ላይ ግን ገና ይንተባተባል። ዛሬ የመጣሁት ይህን ለማስረዳት ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ስለምጠራ ታገሡኝ።

በ1999 ሪሰርች ኢን ሞሽን የሚባል የካናዳ ኩባንያ ብላክቤሪ 850 የተባለ ዕቃ አወጣ። ስልክ እንኳን አልነበረም። መዳፍ ውስጥ የሚገባ የኢሜይል መሣሪያ ነው። ሰውን የማረከው ኪቦርዱ ነበር፤ በሁለት አውራ ጣት እንዲጻፍበት ታስቦ የተሠራ። ኋላ የመጡትን የብላክቤሪ ስልኮች የያዘ ሰው ያስታውሳል። የቁልፎቹ ፊት ጠፍጣፋ አልነበረም፤ እያንዳንዱ ትንሽ ከፍ ያለ ጠርዝ ነበረው። ጣት ሲያርፍበት የት እንዳለ ሳያይ ያውቃል። ሲጫኑት ቀጭ ይላል። ስብሰባ ላይ ስልኩን ጠረጴዛ ስር ይዞ፣ አለቃውን ዓይን ዓይኑን እያየ መልእክት የሚጽፍ ሰው ነበር። ዛሬ በታች ስልክ ይህን ብትሞክሩ ምን እንደምትልኩ እግዜር ይወቀው።

ከዚያ ጃንዋሪ 9 ቀን 2007 የአፕሉ ስቲቭ ጆብስ የመጀመሪያውን አይፎን ሊያስተዋውቅ ሳን ፍራንሲስኮ መድረክ ላይ ወጣ። የዘመኑን አራት ስልኮች ምስል አሳየ፤ ሞቶ ኪው፣ ብላክቤሪ፣ ፓልም ትሪዮ እና ኖኪያ ኢ62። አራቱም የታችኛው ክፍላቸው በቁልፍ የተሞላ ነው። የጆብስ ክርክር ባጭሩ ይህ ነበር፦ ቁልፎቹ ፕላስቲክ ላይ ተቀርጸው ቀርተዋል፤ ብትፈልጋቸውም ባትፈልጋቸውም እዚያው ናቸው፤ ነገ አዲስ ሐሳብ ቢመጣልህ የተሸጠው ስልክ ላይ አዲስ ቁልፍ መጨመር አትችልም።

የማይክሮሶፍቱ ስቲቭ ባልመር በዚያው ዓመት ሳቀበት። ዋጋው ውድ ነው፣ ኪቦርድ ስለሌለው ደግሞ ለሥራ ሰው አይስማማም አለ። አሁን በባልመር መሳቅ ቀላል ነው። ሰውየው ግን ያለ ምክንያት አልተናገረም። የመጀመሪያው አይፎን ስክሪን 3.5 ኢንች ነው። እዚያ ላይ የእንግሊዝኛውን ኪቦርድ ስትደረድሩ አንዱ ቁልፍ ከጣት ጫፍ ያንሳል። ጣት ይስታል። መሳቱ አይቀርም።

ታዲያ እንዴት ሠራ? እዚህ ላይ ጠጋ ብለን እንይ። ኬን ኮሲየንዳ የሚባል የአፕል ኢንጂነር ነው የዚያን ኪቦርድ ሶፍትዌር የሠራው። ስክሪኑ ላይ የምታዩት ቁልፍ ሁሌም እኩል ነው። ከስር ያለው፣ ዓይን የማያየው የመንኪያ ቦታ ግን ይሰፋል፣ ይጠባል። በእንግሊዝኛ «ቲ»ን ከነካችሁ ቀጥሎ «ኤች» የመምጣት ዕድሏ ሰፊ ነው። ስለዚህ የ«ኤች» ድብቅ ቦታ ይሰፋል። ጎረቤቷን ብትነኩም «ኤች» ትጻፋለች። ቃሉን ጨርሳችሁ ክፍት ቦታ ስትጫኑ ደግሞ መዝገበ ቃላቱ የተረፈውን ስህተት ያርማል። ጣታችሁ እንደ ድሮው ይስታል፤ ግን የሚሸፍንለት ሰው አግኝቷል።

ሌሎቹ ይህን ቶሎ አልነቁበትም። ብላክቤሪ በ2008 ስቶርም የሚባል ታች ስልክ ይዞ መጣ። ስክሪኑ ራሱ እንደ አንድ ትልቅ በተን ቀጭ ይል ነበር። ሰው የሚወደው ቀጭታውን ነው ብለው አስበው ነው። ስልኩ ግን ችግር በችግር ሆኖ ብዙ ተመላሽ ገጠመው። የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ፣ ኤችቲሲ ድሪም፣ በዚያው ዓመት ሲወጣ ከስክሪኑ ስር ተንሸራቶ የሚወጣ ኪቦርድ ነበረው። ምክንያቱም አንድሮይድ ስክሪን ላይ የሚጻፍበት ኪቦርድ ገና አልነበረውም፤ በ2009 በ1.5 እትሙ ነው የመጣለት። ከዚያ በኋላ ያለውን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ብላክቤሪ በ2016 ስልክ መሥራት አቆምኩ አለ። በ2022 መጀመሪያ ላይ የድሮዎቹ ስልኮች አገልግሎትም ተዘጋ።

በ2019 የፊንላንዱ አልቶ፣ የእንግሊዙ ካምብሪጅና የስዊዘርላንዱ ኢቲኤች ዙሪክ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች 37,000 ሰዎች ስልክ ላይ ሲጽፉ ለክተዋል። አማካዩ በደቂቃ 36 ቃል አካባቢ ነው። የኮምፒውተር ኪቦርድ ላይ በሌላ ጥናታቸው 52 አካባቢ አግኝተው ነበር። እኔን የገረመኝ ሌላው ውጤት ነው። በራሱ የሚያርመው ሥርዓት ጸሐፊውን ያፈጥነዋል። ከላይ የሚደረደሩትን የቃል ጥቆማዎች እያዩ መምረጥ ግን ያዘገየዋል። ዓይን አንብቦ እስኪወስን ጣት ጽፎ ይጨርስ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ።

ፕላስቲክ ለእኛ ፊደል መቼም ወዳጅ ሆኖ አያውቅም። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ሲነሱ የገጠማቸው ችግር ይኸው ነበር። 33 ፊደላት በ7 ቤት ሲባዙ 231 ናቸው። ዲቃላዎቹን፣ አኃዙንና ነጥቦቹን አልቆጠርኩም። ይህን ሁሉ ቁልፍ መኪና ላይ መደርደር አይቻልም። መፍትሔው የፊደሉን አካል ለብቻ መትቶ ቅጥሉን ደግሞ ለብቻ መለጠፍ ሆነ። በታይፕ የተመታ የድሮ ደብዳቤ ቤታችሁ ካለ ተመልከቱት፤ የ«ሉ» ቅጥል ከ«ለ» ትንሽ ራቅ ብሎ የቆመበት ቦታ አታጡም። ፊደሉ ለመኪናው ሲል መልኩን አጥፏል።

ባለ በተን ስልክ ላይ ደግሞ ነገሩ ባሰ። ፊደል የሚጻፍባቸው ከ2 እስከ 9 ያሉት 8 ቁልፎች ናቸው። 231ን ለ8 ብታካፍሉት አንዱ ቁልፍ 29 ያህል ፊደል ይሸከማል። አንድ «ሞ» ለማግኘት ስንት ጊዜ እንደሚጫኑ አስቡት። ስለዚህ አብዛኛው ሰው በላቲን ፊደል አማርኛ መጻፍ ለመደ። በላቲን ሲጻፍ «መጣ» እና «መታ» አንድ ናቸው። «አባትህ መጣ» ይሁን «አባትህ መታ» ተቀባዩ በግምት ይለየው። የሠፈር ጠብ ያስነሳ ቴክስት ነበር ቢባል አይገርመኝም።

በነገራችን ላይ በፊደል የላከም ቢሆን ይቀጣ ነበር። አንድ ቴክስት በላቲን 160 ሆሄ ይይዛል፤ በእኛ ፊደል ሲሆን 70 ብቻ። ፊደላችን አናባቢውን አብሮ ስለሚይዝ ቃሉ ያጥራል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አያካክሰውም። ይህን ለቴሌኮም ተማሪዎች ትቼዋለሁ።

ያ ብላክቤሪ 850 የወጣበት 1999 ለእኛም ዓመታችን ነበር። ኮምፒውተሮችና ስልኮች የዓለምን ፊደላት የሚያውቁበት የጋራ መዝገብ ዩኒኮድ ይባላል፤ ፊደላችን እዚያ ውስጥ የገባው በዚያ ዓመት በወጣው 3.0 እትም ነው። ቦታው ተያዘ፤ የሚነካ ቁልፍ ግን አልነበረም። ቁልፉን የሰጠን መስታወቱ ነው። የዛሬውን ኪቦርድ እዩት። «ለ»ን ስትነኩ ሰባቱ ወንድማማቾች ከላይ ተሰልፈው ይመጣሉ፤ «ላ»ን ትመርጣላችሁ፤ ወዲያው ሰልፉ ይፈርሳል። ሌላው አሠራር ደግሞ በድምፅ ነው፤ የላቲኗን «ኤስ» ስትነኩ «ስ» ትሆናለች፣ «ኢ» ስትጨምሩ «ሰ» ትሆናለች። የፕላስቲክ ቁልፍ ይህን ሁሉ መልክ መቀያየር አይችልም። ጆብስ ስለ አማርኛ አስቦ ነው የተናገረው አልልም። ክርክሩ ግን ለእኛ ከአሜሪካኖቹ ይልቅ ይሠራል። እነሱ 26 ፊደል አላቸው፤ ፕላስቲክ ላይም ተመችቷቸው ኖሯል።

ለዚህ ነው የበተን ናፍቆት ብዙም የማይነካኝ። በ2024 ክሊክስ የሚባል፣ አይፎን ላይ እንደ ከቨር የሚገባ ባለ ቁልፍ ኪቦርድ ወጥቷል። ሲያዩት ደስ ይላል። የታተመበት ፊደል ግን ላቲን ነው። እኛ ወደ በተን እንመለስ ካልን የምንመለሰው «አባትህ መታ» ወደሚልበት ዘመን ነው።

መስታወቱ የነጠቀውን ግን አልክድም። ዓይነ ስውር የሆነ ሰው የበተን ስልክ ሲይዝ 5 ቁጥር ላይ ያለችውን እብጠት ይፈልጋል። እሷን ካገኘ ሌላውን ሁሉ አገኘ። መስታወት ላይ የሚዳሰስ ነገር የለም። አፕል በ2009 አይፎን ላይ የሚያነብ ድምፅ አስገብቷል፤ አንድሮይድም ቶክባክ አለው። ጣታችሁን ስታሳርፉ ያለበትን ይናገራል። ይሠራል፤ ግን እያዳመጡ መፈለግና በመዳሰስ ማወቅ እኩል አይደሉም። ክረምት ደግሞ አለ። ታቹ ጣታችሁን የሚያውቀው ኤሌክትሪክ ስለምታስተላልፉ ነው። የዝናብ ጠብታም ታስተላልፋለች። ታክሲ ጠብቃችሁ ስትደውሉ ስልኩ ራሱ ለማን እንደሚደውል የሚመርጠው ለዚህ ነው። እናቶቻችን በተኑን አልለቅም ቢሉ ደግሞ አትሳቁባቸው። ባትሪው ቀናት ይቆያል፣ ቢወድቅ ታች ይቀየር የሚል ጠጋኝ ቤት አይወስዳቸውም።

አሁን ወደዚያ ገማች ልመለስ። የእንግሊዝኛው ገማች ሥራ ቀላል ነው፤ የቃላት ዝርዝር ይዞ ብዙ ርቀት ይሄዳል። አማርኛ ላይ ዝርዝር አያዋጣም። «ነገረ»ን ውሰዱ። ነገርኳቸው፣ አልነገርኳቸውም፣ ስላልነገርኳቸው፣ ብነግራቸውም፣ እንዳትነግሪያቸው። ከአንድ ግሥ ይህ ይቀጥላል፣ ይቀጥላል። ዝርዝሩ ውስጥ የሌለውን ቃል ገማቹ እንደ ስህተት ያየዋል። እናንተ በትክክል ጽፋችሁ ከስሩ ቀይ መስመር ያሰምርበታል፤ ባስ ሲል ይቀይረዋል።

ሌላም አለ። «ፀሐይ» በስንት ዓይነት ይጻፋል? መነሻዋ ፀ ወይም ጸ። መሐሏ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ። ሁለት ጊዜ ስድስት፣ 12 ነው። ሰው ሁሉንም ይጽፋል፤ ገማቹ 12 የተለያዩ ቃላት ይመስሉታል። የትኛው ትክክል ነው የሚለውን ክርክር አሁን አልከፍትም፤ ከከፈትኩት እራት ያመልጠናል። ለማሽኑ ግን 12ቱ አንድ ፀሐይ መሆናቸውን መንገር ይቻላል። ሰውየው የመረጠውን አጻጻፍ ሳይነኩበት።

ይህ ከባዶ የሚጀመር ሥራም አይደለም። ማይክል ጋሰር የሚባሉ ተመራማሪ ሆርንሞርፎ የሚል ፕሮግራም ሠርተዋል። የአማርኛ፣ የኦሮምኛና የትግርኛ ቃላትን ከፋፍሎ ሥሩን፣ ባለቤቱንና ተሳቢውን ያወጣል። «አልነገርኳቸውም»ን ብትሰጡት ተናጋሪው እኔ፣ የተነገራቸው እነሱ፣ ነገሩ አሉታ መሆኑን ይለያል። እንዲህ ያለውን ዕውቀት አቅልሎ፣ ርካሽ ስልክ ላይ ሳያዘገይ እንዲሠራ አድርጎ ኪቦርድ ውስጥ መክተት የመመረቂያ ፕሮጀክት ይሆናል። የሚያጓጓ ፕሮጀክት እንጂ የሚያሰለች አይደለም። የሚጀምር ቡድን ካለ የመጀመሪያውን ሙከራ ኮምፒውተር ሳይንስ ያልተማረ ሰው እጅ ላይ አድርጉት። ቴክስት በብዛት የምትጽፍ እህታችሁ ትበቃለች፤ የጻፈችውን ስንት ጊዜ መልሳ እንደምትሰርዝ ቁጠሩ።

የእኔ ጊዜ አልቋል። ማይኩን ወደ ኋላ አሳልፉልኝ። ከጥያቄዎቹ መጀመሪያ የምሰማው፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አሁንም ባለ በተን ስልክ የያዘ ሰው ካለ የእሱን ነው።